«ፒሲአሬ ባንድ አልሰጠኝም» ለምትሉ፦ ከፍሳሽ ዝቃጭ ዲኤንኤ ማውጣትና ፒሲአር መሥራት

«ዲኤንኤው አለ፣ ማሽኑ አንብቦታል። ፒሲአሩ ግን ምንም አልሰጠኝም። ፕራይመሩ ተበላሽቶ ይሆን?» ይህ ጥያቄ ከባሕር ዳርም ከደብረ ማርቆስም ይመጣልኛል፤ በስልክ፣ በቴሌግራም፣ አንዳንዴ ሻይ ቤት ቁጭ ባልኩበት። (ፒሲአር የተመረጠን የዲኤንኤ ቁራጭ ማባዣ ዘዴ ነው፤ ባንድ ደግሞ የተባዛው ቁራጭ ጄል ላይ የሚያሳየው መስመር።) መልሴ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ ከዚህ በኋላ ይህን ጽሑፍ ልልክላችሁ ነው። ብዙውን ጊዜ ፕራይመሩ (የሚባዛውን ቁራጭ የሚመርጠው አጭር ዲኤንኤ) ምንም አልሆነም። ያስቸገራችሁ ከዝቃጩ ውስጥ ከዲኤንኤው ጋር ተያይዞ የወጣው ቆሻሻ ነው፤ እሱን ደግሞ የምታሸንፉት ማሽኑ ላይ ሳይሆን ገንዳው ዳር ቆማችሁ ናሙና ከምትቀዱበት ሰዓት ጀምሮ ነው።

መመሪያው ፒሲአር ማሽን፣ ትንሽ ሴንትሪፊዩጅና ጄል መሮጫ ላለው ተራ ላብራቶሪ ነው። ናሙናው አየር ከሚነፋበት ገንዳ፣ ከማረጋጊያ ኩሬ፣ ከሴፕቲክ ታንክ ወይም ከፋብሪካ ፍሳሽ ሊመጣ ይችላል። ስትጨርሱ ሁለት ነገር ታያላችሁ፤ ባክቴሪያ ሁሉ የሚሸከመው 16ኤስ ጂን መኖሩንና አሞኒያን ወደ ናይትራይት የሚቀይሩት ተሕዋስያን የሚሸከሙት አሞ-ኤ የተባለው ጂን መኖሩን።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለናሙና፦
- አፋቸው በደንብ የሚገጥም 50 ሚሊ ሊትር ቲዩቦች (የሃይላንድ ጠርሙስ አይሆንም፤ ቆቡ መንገድ ላይ ይከዳችኋል)
- ረጅም እጀታ ያለው መቅጃ
- የበረዶ ሳጥን፣ ጤና ጣቢያ ክትባት የሚይዝበት ዓይነት
- ጓንት፣ ቦቲ ጫማ፣ በረኪና፣ እርሳስና ማስታወሻ ደብተር
- ቴርሞሜትርና ፒኤች መለኪያ

ለዲኤንኤ ማውጫ፦
- ሲታብ (የሴል ሽፋን የሚያፈርስ ሳሙና መሰል ኬሚካል) መፍትሔ፦ 10 ፐርሰንት ሲታብ በ0.7 ሞላር ሶዲየም ክሎራይድ ውስጥ (ለ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ሲታብና 4.1 ግራም ጨው)፣ ከዚያ ፒኤቹ 8.0 ከሆነ 240 ሚሊሞላር ፖታሺየም ፎስፌት ጋር እኩል ለእኩል የተቀላቀለ
- ፌኖል፣ ክሎሮፎርምና አይሶአሚል አልኮል በ25፣ 24 እና 1 መጠን፣ ፒኤች 8.0
- ክሎሮፎርምና አይሶአሚል አልኮል በ24 ለ1
- ፔግ (ዲኤንኤ የሚያዘቅጥ ፖሊኢትሊን ግላይኮል) መፍትሔ፦ 30 ፐርሰንት ፔግ 6000 በ1.6 ሞላር ሶዲየም ክሎራይድ ውስጥ
- 70 ፐርሰንት ኤታኖል፣ ቲኢ በፈር
- 0.1 ሚሊ ሜትር የመስታወት ወይም የዚርኮኒያ ቅንጣቶች፣ 2 ሚሊ ሊትር ባለ ጠመዝማዛ ክዳን ቲዩብ

ለፒሲአርና ለጄል፦ ማስተር ሚክስ፣ የ16ኤስ ፕራይመሮች (27ኤፍ እና 1492አር)፣ የአሞ-ኤ ፕራይመሮች (አሞኤ-1ኤፍ እና አሞኤ-2አር)፣ ቢኤስኤ (ከከብት ደም የሚወጣ ፕሮቲን) 10 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር፣ ከኒውክሌስ ነፃ ውሃ፣ አጋሮስ፣ ቲኤኢ በፈር፣ ላደር (የባንድ ርዝመት ማነጻጸሪያ ዲኤንኤ)፣ የጄል ቀለም። ከዚህ ሁሉ በላይ የማይቀር፦ በእርግጠኝነት የሚሠራ የንጹሕ ባክቴሪያ ዲኤንኤ። ከኢ. ኮላይ ብታወጡ ይበቃል። ይህ ከሌላችሁ ዛሬ ሥራ አትጀምሩ፤ ምክንያቱን ደረጃ 10 ላይ ታገኙታላችሁ።

ማስጠንቀቂያ

ፌኖል ሲነካችሁ መጀመሪያ ላይ አያምም፤ ቆዳውን ስለሚያደነዝዝ ነው። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ እንደሚባለው፣ ሲሰማችሁ ቆዳው ነጥቷል። ጓንታችሁ ላይ ጠብ ካለ ወዲያው ቀይሩ። ቆዳ ከነካ ልብሱን አውልቃችሁ በብዙ ውሃ ቶሎ እጠቡና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ፌኖልና ክሎሮፎርም የሚከፈቱት ጭስ መሳቢያ ውስጥ ብቻ ነው።

በኪት (ተዘጋጅቶ በሚሸጥ የዲኤንኤ ማውጫ) የምትሠሩ ልብ በሉ፤ የብዙዎቹ ኪቶች መፍትሔ ጓኒዲን አለበት። በእሱ ላይ በረኪና ከፈሰሰ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። በረኪና ለገንዳ ናሙናና ለጠረጴዛ እንጂ ለኪት ቅሪት አይደለም።

ፍሳሽ የኮሌራ፣ የታይፎይድ፣ የአሜባ መንገድ ነው። ገንዳ ዳር እያላችሁ አትብሉ፣ ስልካችሁን በጓንት አትንኩ። ስልኩን የምለው የምሬን ነው፤ ማታ ጆሯችሁ ላይ የምትለጥፉት እሱን ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ የጎጃም ከፍታና ብርድ

ከውጭ የመጡ መመሪያዎች የተጻፉት በባሕር ጠለል አካባቢ ላለ ላብራቶሪ ነው። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ውሃ ባሕር ዳር ላይ በ94 ዲግሪ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ደግሞ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ አውቶክሌቫችሁ በግፊት ብቻ የሚሠራ አሮጌ ዓይነት ከሆነ፣ መለኪያው 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ ውስጡ 121 ዲግሪ አልደረሰም፤ 117 ወይም 118 አካባቢ ነው። 121 ለመድረስ ባሕር ዳር ወደ 18፣ ደብረ ማርቆስ ወደ 19 ፒኤስአይ ያስፈልጋል። ዕቃው የተሠራበት የግፊት ጣሪያ ይህን ካልፈቀደ አታስጨንቁት፤ ሰዓቱን አርዝሙ። ቴርሞሜትር ያለው ከሆነ ግፊቱን ትታችሁ ቴርሞሜትሩን እመኑ።

ብርዱም የራሱ ጣጣ አለው። ሲታብ ሲበርድ ይረጋል። ጧት ደብረ ማርቆስ ላብራቶሪ ገብታችሁ ጠርሙሱ ሥር ነጭ በረዶ የመሰለ ነገር ካያችሁ መፍትሔው አልተበላሸም፤ 60 ዲግሪ ውሃ ውስጥ አስቀምጣችሁ እስኪጠራ ጠብቁ። ሳታሟሙት ከላይ ከላይ ከቀዳችሁ ግን የምትወስዱት ጨውና ፎስፌት ብቻ ነው፤ ሴሉ አይፈነዳም።

ደረጃ በደረጃ

1. ናሙናውን ከትክክለኛው ቦታ ቅዱ። አየር በሚነፋበት ገንዳ ከሆነ ዝቃጩ በሚገላበጥበት መሐል፣ ከላይኛው አረፋ በታች። አረፋው ላይ የሚንሳፈፉት ተሕዋስያን ከገንዳው አማካይ የተለዩ ናቸው፤ ከአረፋ ቀድታችሁ «የገንዳው ማኅበረሰብ ይህ ነው» ማለት የሠርግ ቤት በር ላይ ቆሞ መንደሩን እንደመቁጠር ነው። ኩሬ ከሆነ ከመግቢያው፣ ከመሐሉና ከመውጫው ለየብቻ ውሰዱ። ከየቦታው ሦስት ሦስት ቅዱ፤ አንድ ብቻ ከሆነ ልዩነቱ የገንዳው ይሁን የእጃችሁ አታውቁም።

2. እዚያው ቆማችሁ ጻፉ። ቀን፣ ሰዓት፣ ሙቀት፣ ፒኤች፣ በዋዜማው ዝናብ መጣሉን። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የዝናብ ውሃ ፍሳሹን ያቀጥነዋል፤ በክረምትና በበጋ የወሰዳችሁትን ስታወዳድሩ ይህ ማስታወሻ ከሌለ ውጤቱ ትርጉም ያጣል። የፋብሪካ ፍሳሽ ከሆነ ቀለሙን ጨምሩ። የጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያና የቆዳ ፋብሪካ ክሮም ፒሲአሩን ስለሚያስቸግሩ፣ ኋላ ላይ ሲያቅታችሁ ፍንጩን የምታገኙት ከዚህ ገጽ ነው።

3. አቀዝቅዙ ወይም በአልኮል ያዙ። ተሕዋስያኑ ቲዩብ ውስጥ አልሞቱም፤ ኦክስጅን ሲያጡ አንዱ ይሞታል፣ ሌላው ይበዛል። ስለዚህ ከቀዳችሁበት ደቂቃ ጀምሮ በረዶ ላይ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ። ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም በሕዝብ ማመላለሻ የምትመጡ፣ በረዶው መንገድ ላይ እንደሚያልቅ ካወቃችሁ፣ ከ96 ፐርሰንት ኤታኖል ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅሉት። ኤታኖሉ እድገቱን ያቆመዋል፣ ዲኤንኤውንም ከሚቆራርጡት ኢንዛይሞች ያድነዋል። ይህ የሚሠራው ለዝቃጭ ነው፤ ለሚጣራ ቀጭን ውሃ አይሆንም። አረቄም አይሆንም። ዳግም አረቄ እንኳ ቢሆን ጥንካሬው አይታወቅም፣ ሲደመርበት ደግሞ ግማሹ ውሃ ነው። (ተጠይቄ ነው የምጽፈው።)

4. ሴሉን ሰብስቡ። ዝቃጭ ቆሞ ይዘቅጣል፤ ስለዚህ ቲዩቡን አሥር ጊዜ ገለባብጣችሁ ወዲያው 2 ሚሊ ሊትር ቅዱ። የፓይፔቱ ጫፍ በዝቃጩ ጓል ከተደፈነ ጫፉን በንጹሕ መቀስ ቆርጣችሁ አስፉት። በ10,000 ጂ (የመሬት ስበት እጥፍ) ለ5 ደቂቃ አሽከርክሩና ላዩን ድፉ። በኤታኖል ከነበረ ዝቃጩን አንድ ጊዜ በፎስፌት በፈር አጥባችሁ ድገሙ። የማጣሪያው መውጫ ላይ ያለው ውሃ ከሆነ ሴሉ ጥቂት ስለሆነ በ0.22 ማይክሮ ሜትር ማጣሪያ ወረቀት እስኪደፈን አጣሩ፤ ያለፈውን ውሃ መጠን መዝግቡ፤ ወረቀቱን ቆራርጣችሁ ወደ ሚቀጥለው ደረጃ ውሰዱ።

ሴንትሪፊዩጃችሁ በአርፒኤም (በደቂቃ ዙር) ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ጂ እና አርፒኤም አንድ አለመሆናቸውን አትርሱ። የሮተሩ ራዲየስ 8 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 13,000 አርፒኤም ወደ 15,000 ጂ ይሆናል። «10,000» የሚለውን ቁጥር ብቻ አይቶ የሚጭን ሰው ኋላ ላይ ፔግ ደረጃ ላይ ዲኤንኤውን ከላይኛው ውሃ ጋር ይደፋዋል።

5. ሴሉን ስበሩ። ቅንጣት ባለበት ቲዩብ ውስጥ ዝቃጩን (እስከ 0.5 ግራም)፣ 0.5 ሚሊ ሊትር ሲታብ መፍትሔና 0.5 ሚሊ ሊትር ፌኖል-ክሎሮፎርም ጨምሩ። መቀጥቀጫ ማሽን ካለ 30 ሰከንድ። ከሌለ ቲዩቦቹን ቮርቴክስ ላይ በጎናቸው በፕላስተር አስራችሁ በሙሉ ኃይል 10 ደቂቃ። ቅንጣቱ የሚያስፈልገው ዝቃጭ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች በጓል ውስጥ ተጣብቀው ስለሚኖሩ፣ ግራም ፖዘቲቮቹም ግድግዳቸው ወፍራም ስለሆነ ነው። በኬሚካል ብቻ ከሠራችሁ ለስላሶቹን ብቻ ታወጡና ገንዳው የእነሱ ብቻ ይመስላችኋል። አብዝታችሁ ከቀጠቀጣችሁ ደግሞ ዲኤንኤው ይቆራረጣል። ፎስፌቱ ያለ ምክንያት አልገባም፤ ዲኤንኤ ከሸክላ አፈር ጋር የሚጣበቅበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። በክረምት ጎርፍ አፈር ለሚገባበት ኩሬ ይህ ዋጋ አለው።

ከዚህ ደረጃ ጀምሮ ናሙና የሌለበት አንድ ባዶ ቲዩብ እኩል አስኪዱ። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እናየዋለን።

6. ለዩ። በ16,000 ጂ ለ5 ደቂቃ። ከላይ ውሃማው፣ ከመሐል ነጭ ስስ ሽፋን፣ ከሥር ፌኖሉ ይሆናል። ላይኛውን ብቻ ቀስ ብላችሁ ቅዱ። ነጩን ሽፋን ለመንካት አትሳሱ፤ መቶ ማይክሮ ሊትር ትታችሁ ብትሄዱ ይሻላል፤ እሱ ፕሮቲን ነው። ፌኖሉ ፒኤች 8.0 መሆኑን ጠርሙሱ ላይ አንብቡ። ለአርኤንኤ የተዘጋጀው አሲዳማ ፌኖል ዲኤንኤን ከላይኛው ውሃ ያሳጣችኋል፤ ጠርሙሶቹ ደግሞ መንታ ይመስላሉ።

7. እኩል መጠን ክሎሮፎርም-አይሶአሚል ጨምራችሁ አናውጡ፣ በድጋሚ አሽከርክሩ፣ ላይኛውን ውሰዱ። ይህ የቀረውን ፌኖል ለማስወጣት ነው፤ ፌኖል ኢንዛይሙን ይገድላል።

8. በፔግ አዝቅጡ። ሁለት እጥፍ ፔግ መፍትሔ ጨምሩና ላብራቶሪው ሙቀት ላይ 2 ሰዓት አስቀምጡ። ከዚያ በ18,000 ጂ ወይም ማሽናችሁ በሚችለው ከፍተኛ ፍጥነት 10 ደቂቃ። «ኤታኖል ወይም አይሶፕሮፓኖል አይበቃም?» ይሉኛል። ያዘቅጣል፣ ግን ሂዩሚክ አሲዱንም (ከበሰበሰ ነገር የሚመጣውን ቡናማ ቆሻሻ) አብሮ ያዘቅጠዋል፤ ፔግ በአብዛኛው እላይ ይተወዋል። በቀዝቃዛ 70 ፐርሰንት ኤታኖል እጠቡ፣ 10 ደቂቃ ክፍት አድርጋችሁ አናፍሱ፣ በ50 ማይክሮ ሊትር ቲኢ አሟሙት። አልኮሉ ሳይደርቅ ከቸኮላችሁ ናሙናው ጄል ጉድጓድ ውስጥ አልቀመጥ ብሎ ይንሳፈፋል።

9. ቀለሙን በዓይናችሁ እዩ፣ ከዚያ ለኩ። ዲኤንኤው ውሃ መምሰል አለበት። ቀጭን ሻይ ከመሰለ ሂዩሚክ አሲድ ነው። የምትለኩት በስፔክትሮፎቶሜትር (ዲኤንኤን በሚመጥጠው ብርሃን በሚለካ ማሽን) ነው፤ ቁጥሮቹ የብርሃኑ ሞገድ ርዝመት በናኖ ሜትር ናቸው። የ260/280 ውጤት 1.8 አካባቢ ሲሆን ሁሉም ይደሰታል፤ እኔ የማየው 260/230ን ነው። ወደ 2 ከተጠጋ ጥሩ፤ ከ1 በታች ከሆነ ቆሻሻ አለ። በዚህ ማሽን የምታዩት ትልቅ ቁጥር አያኩራራችሁ፤ አርኤንኤም፣ ሂዩሚክ አሲድም፣ የቀረ ፌኖልም በዚያው ብርሃን ይነበባሉ። መግቢያው ላይ «ማሽኑ አንብቦታል» ላላችሁት መልሱ ይኸው ነው፤ ያነበበው ዲኤንኤ ብቻ አይደለም። 5 ማይክሮ ሊትር ጄል ላይ አስሮጡ፤ ከላይ ወፍራም ባንድ ካያችሁ ዲኤንኤ አላችሁ።

10. ኢንሂቢተር (ፒሲአሩን የሚያግት ቆሻሻ) መኖሩን ፈትኑ። የዚህ ጽሑፍ እምብርት እዚህ ነው፤ ሌላውን ብትዘሉ ይህን አትዝለሉ። የምትሠሩት ፒሲአር 25 ማይክሮ ሊትር ይሁን፦ ማስተር ሚክስ 12.5፣ ሁለቱ የ16ኤስ ፕራይመሮች (10 ማይክሮ ሞላር) አንድ አንድ፣ ቢኤስኤ 1፣ ዲኤንኤ 1፣ ውሃ 8.5። ቲዩቦቹን እንዲህ ደርድሩ፦

ሀ. የኢ. ኮላይ ዲኤንኤ ብቻ
ለ. የእናንተ ናሙና ብቻ
ሐ. የኢ. ኮላይ ዲኤንኤ እና የእናንተ ናሙና አንድ ላይ (ውሃው 7.5 ይሆናል)
መ. አሥር ጊዜ የቀጠነ ናሙና
ሠ. ሃምሳ ጊዜ የቀጠነ ናሙና
ረ. ከደረጃ 5 የመጣው ባዶ
ሰ. ውሃ ብቻ

ሀ ሠርቶ ሐ ካልሠራ፣ ናሙናችሁ ደህናውን ዲኤንኤ ጭምር አግቶታል ማለት ነው፤ ኢንሂቢተር አለ፤ ፕራይመር ማዘዙን ተዉት። መ ወይም ሠ ከሠራ ጨርሳችኋል፤ ከዚህ በኋላ በዚያ ቅጥነት ሥሩ። ሲቀጥን ዲኤንኤው ይቀንሳል፣ ኢንሂቢተሩ ግን ከሚያግትበት መጠን በታች ይወርዳል። ዝቃጭ ውስጥ ባክቴሪያ ስለማያንስ 16ኤስ ሃምሳ ጊዜ ቢቀጥንም ይወጣል። ሀ ራሱ ካልሠራ ጥፋቱ ከማስተር ሚክሱ፣ ከፕራይመሩ ወይም ከማሽኑ ነው፤ ያኔ ብቻ ወደዚያ ዙሩ። ሀ እና ሐ ሠርተው ለ፣ መ፣ ሠ ካልሠሩ ዲኤንኤ አላወጣችሁም፤ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ።

ቢኤስኤ የሚገባው ሂዩሚክ አሲዱን በራሱ ላይ እንዲይዝ፣ ኢንዛይሙም ነፃ እንዲሆን ነው። ርካሽ ነው፤ ለዝቃጭ ሁልጊዜ ጨምሩት።

አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ሐን ሳልሠራ ሦስት ሳምንት ፕራይመር ስቀያይር ከርሜያለሁ። ናሙናው የማቅለሚያ ፍሳሽ ነበር። አሥር ጊዜ ሳቀጥነው በመጀመሪያው ሙከራ ወጣ።

11. ማሽኑን ጫኑ። ለ16ኤስ፦ 95 ዲግሪ 5 ደቂቃ፤ ከዚያ 30 ዙር (95 ዲግሪ 30 ሰከንድ፣ 55 ዲግሪ 30 ሰከንድ፣ 72 ዲግሪ 90 ሰከንድ)፤ መጨረሻ 72 ዲግሪ 10 ደቂቃ። ቁራጩ 1,500 ቤዝ ገደማ ስለሆነና ተራው ታክ በደቂቃ አንድ ሺህ ገደማ ስለሚጽፍ ነው 90 ሰከንዱ። ለአሞ-ኤ ቁራጩ 491 ቤዝ ነው፤ 72 ዲግሪው ላይ 45 ሰከንድ ይበቃል፣ ፕራይመሩ የሚይዝበትን ሙቀት (ለ16ኤስ 55 ያልነውን) ከ55 እስከ 60 ሞክሩ፣ ዙሩን 35 አድርጉ፤ አሞኒያ ቀያሪዎቹ ከጠቅላላው ጥቂቶች ናቸው።

16ኤስን ከ30 ዙር በላይ አትግፉ። በኪትና በኢንዛይም ውስጥ ራሱ የባክቴሪያ ዲኤንኤ ፍርፋሪ አለ፤ ዙሩ ሲበዛ ባዶው ቲዩብ ባንድ ያወጣል። ረ እና ሰ የገቡትም ለዚህ ነው። ሰ ባዶ ሆኖ ረ ባንድ ካወጣ ብክለቱ ከማውጫው ኬሚካል ወይም ከእጃችሁ ነው። ሁለቱም ካወጡ ከፒሲአሩ ውሃ ወይም ከማስተር ሚክሱ ነው።

ማሽኑን በዩፒኤስ አስሩት። መብራት ሄዶ ሲመለስ አንዳንዱ ማሽን ካቆመበት ይቀጥላል፤ ያ ውጤት አይታመንም፣ ድገሙት።

12. ጄሉን አስሮጡና አንብቡ። ለ16ኤስ 1 ፐርሰንት፣ ለአሞ-ኤ 2 ፐርሰንት። ከፍታው አጋሮሱን ከመቅለጥ አያግደውም፣ ግን ታገሡት፤ ማሰሮውን ብርሃን ላይ አንስታችሁ ስታዩት ብርጭቆ የመሰለ ክር ከቀረ አልቀለጠም። 100 ቮልት፣ 45 ደቂቃ። ኤቲዲየም ብሮማይድ የምትጠቀሙ ከሆነ ጂን የሚያበላሽ ነውና የእሱ ጓንት በር እጀታ አይነካም።

በብዛት የሚሠሩ ስህተቶች

ባንዱ ወፍራም ስለሆነ «ይህ ገንዳ ብዙ ባክቴሪያ አለው» ማለት። ተራ ፒሲአር መኖርን እንጂ ብዛትን አይናገርም። ብዛት ከፈለጋችሁ ኪውፒሲአር ሥሩ፤ እዚያም ቢሆን አንዱ ባክቴሪያ አንድ የ16ኤስ ቅጂ፣ ሌላው እስከ 15 ሊኖረው ስለሚችል የቅጂ ቁጥር የሴል ቁጥር አይደለም።

አሞ-ኤ ስለተገኘ «ናይትሪፊኬሽን (አሞኒያ ወደ ናይትሬት መቀየሩ) እየተካሄደ ነው» ማለት። ዲኤንኤ የሞተም ሴል አለው። ከገንዳው የአሞኒያና የናይትሬት ልኬት ጋር አያይዙት። እነዚህ ፕራይመሮች የተሠሩት በዋናነት ለናይትሮሶሞናስና ለዘመዶቹ ነው፤ አሞኒያ የሚቀይሩ አርኬያዎችን (ባክቴሪያ ያልሆኑ ሌሎች ጥቃቅን ተሕዋስያንን) አያዩም።

ጄሉ ላይ ከባንድ ይልቅ የተጎተተ ጭረት ማየት። ዲኤንኤ በዝቷል፤ አቅጥኑ። ከ100 ቤዝ በታች ያለ ደብዛዛ ባንድ ፕራይመር ዳይመር (ፕራይመሮቹ እርስ በርስ ተጣብቀው የሠሩት) ነው፤ በእሱ አትደሰቱ።

ፒሲአር ማዘጋጃውንና ጄል ማስሮጫውን አንድ ጠረጴዛ ላይ ማድረግ። ያለቀ ፒሲአር ቲዩብ በተከፈተ ቁጥር ቢሊዮን ቅጂ ይበተናል። አንድ ክፍል ብቻ ካላችሁ ቢያንስ ፓይፔቱን ለዩ፤ ጧት ማዘጋጀት፣ ከሰዓት ጄል። ወደ ኋላ አትመለሱ።

ማቆያና ቅሪት

ዲኤንኤውን በትናንሽ ቲዩብ ከፋፍላችሁ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች አስቀምጡ፤ እየቀለጠ እየቀዘቀዘ ይቆራረጣልና። ፍሪዘሩ ውስጥ ትንሽ ብርጭቆ ውሃ አቀዝቅዛችሁ ላዩ ላይ አንድ ሳንቲም አኑሩ። ከበዓል ስትመለሱ ሳንቲሙ ወደ ታች ሰምጦ ካገኛችሁት፣ እናንተ በሌላችሁበት መብራት ጠፍቶ ሁሉም ቀልጦ ነበር። ቲዩቡ ላይ በማርከር የጻፋችሁት በኤታኖል ይጠፋል፤ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፋችሁ በግልጽ ፕላስተር ሸፍኑት።

ናሙና ወይም ዲኤንኤ ለሲክዌንሲንግ (የዲኤንኤውን ቅደም ተከተል ለማንበብ) ወደ ውጭ አገር የምትልኩ፣ የጄኔቲክ ሀብት ነውና በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃዱን ናሙናው ከመቀዳቱ በፊት ጀምሩት።

የፌኖልና የክሎሮፎርም ቅሪት በመስታወት ጠርሙስ፣ ምልክት ተደርጎበት፣ ጭስ መሳቢያ ሥር ይጠራቀማል። መታጠቢያ ውስጥ አይደፋም። የመታጠቢያው ቱቦ የሚሄደው ወደ ሴፕቲክ ታንኩ ነው፤ የሚቀጥለው ወር ናሙናችሁም ከዚያው ይቀዳ ይሆናል።